ምንጩ ክፍት ነው

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ ብዙም ሳይርቅ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ የድር ባለጸጋ አለ። ሸማኔ እንዳይመስላችሁ፤ መወርወሪያ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሀብቱ መደርደሪያው ነው። «ጥለታችሁን አምጥታችሁ ስቀሉ፤ ኪራይ የለም፤ የወደደ አይቶ ይቅዳ» ብሎ የጉለሌን ሸማኔ ሁሉ ሰበሰበ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን አጨበጨብንለት።

ሱቁ ሲያድግ የስጋት ክፍል ተቋቋመ። ክፍሉ የእህቱ ልጅ፣ አንድ ወንበርና አንድ ደብተር ነው። ልጁ ጠዋት ጠዋት መደርደሪያውን ይዞራል፤ ሰው ያስቆጣል ብሎ የጠረጠረውን ያወርዳል። ማን እንደተቆጣ አይጠየቅም፤ ሊቆጣ የሚችል ሰው መኖሩ ይበቃል። በቀደም የአንድ ዶርዜ ሽማግሌ ነጠላ ላይ ደረሰ። ጠርዙን በሁለት ጣቱ አንስቶ ተከናነበው፤ በመስታወት ቢያይ ፊቱ የለም።

«አባባ፣ ይሄን ሌባ ቢከናነበውስ?»

«ልጄ፣ ለቀስተኛስ ምን ይከናነብ?»

ልጁ ደብተሩን አገላበጠ። ስለ ለቀስተኛ የተጻፈ የለም። ነጠላው ወረደ፤ ሽማግሌው ጎን ለጎን የሰቀሉት ጋቢም ያለ ጥፋቱ አብሮ ወረደ።

አትፍረዱበት፤ ከትልልቆቹ ተምሮ ነው። በ2004 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ለጋዜጦች ያቀረበው ውል፣ በአንቀጽ 10፣ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ለአታሚው ይሰጥ ነበር። ዳኛው ማተሚያ ማሽኑ ሆነ ማለት ነው። ባሕር ማዶ ያለው የኮድ መደርደሪያ ጊትሃብም በጥቅምት 2013 የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ደብዳቤ ሲደርሰው ከዩቲዩብ ቪዲዮ የሚቀዳውን ዩቲዩብ-ዲኤል የተባለ ኮድ አወረደ፤ ጩኸቱ ሲበረታ በኅዳር መልሶ ሰቀለው፣ ለኮድ ጻፊዎች ጥብቅናም 1 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በነሐሴ 2014 የአሜሪካ ግምጃ ቤት የዲጂታል ገንዘብን ዱካ በሚሸፍነው ቶርኔዶ ካሽ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ግን ጊትሃብ የዚህኛውን ኮድ ከነጻፊዎቹ አካውንት አገደ። በመስከረም ግምጃ ቤቱ ራሱ ኮዱን ማየትና መቅዳት እንዳልከለከለ አስረዳ። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ የኛ ሰዎች።

ሽማግሌው ነጠላና ጋቢያቸውን አጣጥፈው ሲወጡ ከደጁ ዞር ብለው፣

«ምንጩ ክፍት ነው ብሎ ሰው ሁሉ ሲመጣ፣
ባለቤቱ ደፍኖት የሚቀዳው አጣ»

አሉ። ባለሱቁ ወደደው። «እውነታቸውን ነው፤ ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሰነበተ!» የስጋት ክፍሉም ግጥሟን መርምሮ ስለ እንጦጦ ውሃ መሆኗን ስላረጋገጠ፣ ዛሬ በሱቁ በር ላይ ተለጥፋለች።