በእንተ ብስክሌት ዘላፍቶ፦ ስለ ተለዋጭ መንገድ ባሕርይ የቀረበ ድርሳን

ክፍል አንድ፦ የጥናቱ ዳራ፣ ወሰንና ዘዴ

የቀደሙት ሊቃውንት ስለ ከዋክብት አካሄድ ጽፈዋል፤ ስለ ነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ስለ ዕፅዋት ፈውስ፣ ስለ ሰዋስው ጽፈዋል። ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ተነሥቶ በብስክሌት ሥራ ቦታው ስለሚደርስ ሰው ግን፣ ይህ ጸሐፊ እስከሚያውቀው ድረስ፣ ድርሳን የደረሰ የለም። እንዲህ ያለው የዕውቀት ክፍተት ለልጅ ልጅ መተላለፍ ስለሌለበት፣ ክፍተቱን እንሞላ ዘንድ ብዕር አነሣን። በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የተቆፈረ ሁሉ በገረጋንቲ እንደሚሞላ፣ በማግሥቱም ቧንቧ ተረስቷል ተብሎ እንደገና እንደሚቆፈር እናውቃለን፤ ድርሳናችን ግን ከዚያ የረዘመ ዕድሜ እንዲኖረው እንመኛለን።

የጥናቱ ወሰን በአንድ በኩል ጀሞ፣ ለቡና ፉሪ፣ በሌላ በኩል ሳሪስና ጎተራ፣ በላይ ደግሞ ቄራና ሳር ቤት ነው። ጊዜው በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ከተሻገረበት ከ2017 ዓ.ም. ይነሣል። በዚህ ምዕራፍ ከታቀዱት 8 መስመሮች አንዱ ከሳር ቤት ተነሥቶ፣ በካርል አደባባይ፣ በብስራተ ገብርኤል፣ በአቦ ማዞሪያና በላፍቶ አደባባይ አልፎ ፉሪ አደባባይ ይደርሳል። አጥኚው ጠዋት የሚወጣበት፣ ማታ የሚገባበት መንገድም ይኸው ነው። አጥኚው ወደ ጥናቱ አልሄደም ማለት ነው፤ ጥናቱ በስካቫተር ታጅቦ ደጁ ድረስ መጣ።

የጥናቱ ዘዴ ተሳትፏዊ ምልከታ ነው። ጸሐፊው ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ ተመልክቷል፤ መቀመጥ ሲከለከልም ብስክሌቱን ተሸክሞ ተመልክቷል። ተጨማሪ መረጃ ከጎሚስታዎች፣ ከግንባታ ቦታ ጥበቃዎችና ከታክሲ ረዳቶች ተሰብስቧል። የረዳቶቹ ቃል ማንም ሳይጠይቃቸው በመስኮት የተሰጠ በመሆኑ፣ ከአጥኚው ተጽዕኖ ፍጹም የጸዳ ነው።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ምድሩ ጠባይ

አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ጀምራ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ አቃቂ ሜዳ የምታዘነብል ከተማ ናት። ወንዞቿ ይህን ያውቃሉ፤ ትንሹ አቃቂ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል የሚወርደው ማንም አቅጣጫ ሳያሳየው ነው። መሥሪያ ቤቶቹ ግን በብዛት ወደ ላይ፣ ርካሹ የቤት ኪራይ ደግሞ ወደ ታች ሰፈሩ። ከዚህም አንደኛው ሕጋችን ይወለዳል፦ የላፍቶ ሰው ሥራው ሽቅብ፣ ቤቱ ቁልቁል ነው። ስለዚህ ጠዋት ሳንባው፣ ማታ ፍሬኑ ይፈተናል። አለቃው ላብ የሚያየው ገና ሥራ ሳይጀመር ነውና፣ ትጋቱ ሁልጊዜ ያለ ሰዓቱ ይመሰከርለታል።

ሁለተኛው ሕግ የአፈር ነው። በደቡብ አዲስ አበባ በስፋት የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ በተለምዶ ዋልካ የሚባለው፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። መንገድ ሠሪ ይህን አፈር አውጥቶ ይጥለውና በምትኩ ድንጋያማ ገረጋንቲ ይሞላል፤ ግንባታው ጥልቅ ጉድጓድ የሚሻው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የወጣው ዋልካ ግን ወዲያው አይጫንም፤ በመንገዱ ዳር ተከምሮ ዝናብ ይጠብቃል። ሐምሌ ሲገባ ተከምሮ የቆየው ይቀልጥና ወደ ተለዋጩ መንገድ ይፈሳል፤ ከጎማው ጋር ይወዳጃል፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቃል። ያን ጊዜ ፔዳል ቢረገጥ ካቴና ይወጠራል እንጂ ጎማ አይዞርም። ሦስተኛ ሕግ፦ በክረምት ብስክሌት ሰውን አይሸከምም፤ ሰው ብስክሌትን ይሸከማል።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ዘመናት ወደ ኋላ መሄድ

ይህ ክፍል የድርሳኑ ማዕከል ነውና አንባቢ ቡናውን አስቀምጦ ያንብብ።

ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1817 በጀርመን ማንሃይም ከተማ ባሮን ካርል ድራይስ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ይዞ ወጣ። መሣሪያው ፔዳል አልነበረውም፤ ባሮኑ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ሄደ። በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ካቴናው የኋላ ጎማን የሚያዞርበትን፣ ዛሬም የምንነዳውን ቅርጽ ለገበያ አቀረበ። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በነፋስ የሚሞላ ጎማ የፈጠራ መብት አገኘ። የሰው ልጅ ይህን ሁሉ ለማግኘት 71 ዓመት ፈጀበት።

የላፍቶ ብስክሌተኛ ይህንኑ ታሪክ በአንድ ጠዋት፣ ያውም ወደ ኋላ ያጠናቅቀዋል። ሥራው በተጠናቀቀው አዲስ አስፓልት ላይ እስካለ ድረስ የዛሬ ዘመን ሰው ነው፤ መንገዱ በእውነት ሰፊ፣ ለስላሳና የሚያኮራ ነው፤ ድርሳናችን ይህን በሐሰት አይክድም። ወደ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ሲታጠፍ ነፍሱ የተንጠለጠለችው በነፋሱ ጎማ ላይ ብቻ ነውና፣ 1888 ላይ ቆሟል፤ ደንሎፕንም ከልቡ ያመሰግናል። ያልተዳመጠ ገረጋንቲ ላይ ሲደርስ የኋላው ጎማ በባዶ ይሽከረከራል፤ የስታርሊ ካቴና ጥቅሙ ያበቃል፤ ሁለት እግሩን አውርዶ መሬቱን እየገፋ ይሄዳል። እነሆ 1817! ዋልካው ጋ ሲደርስ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ጎማ ገና ያልተፈለሰፈበት ዘመን ሰው ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ምሥጢር እንገልጣለን። ብስክሌተኛው በዚህ ሁኔታ፣ ማለትም በእግሩ እየገፋ፣ የሚደርሰው ካርል አደባባይ ነው። አደባባዩ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1981 «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት ለመሠረተው ለተዋናዩ ካርልሃይንዝ በም መሆኑን ማንም ያውቃል። ይሁን እንጂ ብስክሌተኛው ልክ እንደ ካርል ድራይስ እየተንፏቀቀ ወደ ካርል አደባባይ መግባቱን አጋጣሚ ነው ብሎ የሚያልፍ ሊቅ፣ ሊቅነቱ ያጠራጥራል።

ክፍል አራት፦ ትርጓሜ ዘታፔላ

በአጥሩ ጫፍ የቆመው ታፔላ ንባቡ አጭር ነው፦ «መንገዱ በግንባታ ላይ ስለሆነ ተለዋጭ መንገድ ይጠቀሙ።» ቀስት የለውም፤ ርቀት አልተጻፈበትም። ንባቡ ሲያጥር ትርጓሜው ይረዝማልና፣ እንደ አባቶች ሥርዓት እናትታለን።

«ተለዋጭ መንገድ ይጠቀሙ» ያለው ማንን ነው? ባለ መኪናውን ነው፤ መኪና ሰፈሩን ሁሉ ቢዞር ነዳጅ እንጂ ጉልበት አይጨርስምና። አንድም እግረኛውን ነው፤ እግረኛ በጉድጓዱ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ይሻገራልና። አንድም ብስክሌተኛውን ነው እንዳይባል፣ በመኪናው ተለዋጭ ሲገባ ረዳቱ «ዳር ያዝ!» ይለዋል፤ ዳሩ ደግሞ ቱቦ የሚቀበርበት ቦይ ነው። በእግረኛው ተለዋጭ ሲገባ ጥበቃው «ጋሼ፣ ይውረዱና በእጅዎ ይዘው ይለፉ» ይላል። አነጋገሩ ትሕትና የተሞላበት ነው፤ ሳንቃው ግን የአንድ ሰው እግር እንጂ የአንድ ሰውና የሁለት ጎማ ስፋት የለውም። ሐተታ፦ ታፔላው ብስክሌተኛን አልከለከለም፤ አላሰበውም። ከልካይን በክርክር ማሸነፍ ይቻላል፤ ካላሰበህ ጋር ግን ክርክር የሚጀመርበት ቦታ የለም።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት» ያሉት አበው እውነት ተናገሩ፤ ነገር ግን መጨረሻውን እንጂ መዞሪያውን አልጻፉልንም።

ክፍል አምስት፦ ስለ ቆርቆሮው አጥር የሊቃውንት ክርክር

ግንባታው በቆርቆሮ በታጠረ ጊዜ ብስክሌተኞች በሦስት ወገን ተከፈሉ።

የመጀመሪያዎቹ ውስጠኞች ናቸው። በአጥሩና በጉድጓዱ መካከል ባለችው ጠባብ መሬት መሄድ ይገባል ይላሉ። ማስረጃቸው ከመኪና መራቅ ነው፤ ሮሎው የተኛበትም መሬት አንዳንዴ ከአስፓልት ይለሰልሳል። ደካማ ጎናቸው ክዳን ያልተገጠመለት ማንሆል ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ክርክራቸው በድንገት ይቋረጣል።

ሁለተኛዎቹ ውጭኞች ናቸው። እነዚህ በአጥሩና በትራፊኩ መካከል መሄድን ይመርጣሉ፤ ከእግር በታች ያለውን ማወቅ ይበልጣል ብለው ያስተምራሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሲኖትራክ ከኋላ ሲመጣ ከእግር በታች ያለውን ማወቅ ብዙም አያጽናናም። ከዚህ ወገን አክራሪ የሆኑት ቀለበት መንገዱ ላይ ሳይቀር ይወጣሉ። የእነዚህን ትምህርት ለመመርመር ሞክረን፣ ቆመው የሚያስረዱ አላገኘንም።

ሦስተኛዎቹ ተሸካሚዎች ናቸው። ብስክሌቱን ተሸክመው በእግረኛ ድልድይ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ትምህርታቸው ነቀፋ የለበትም፤ ሆኖም ብስክሌት ለምን እንደገዙ ሲጠየቁ መልሳቸው ይረዝማል።

ይህ ጸሐፊ ከሦስቱም ወገን ጋር እንደየቦታው ይስማማል።

ክፍል ስድስት፦ ስለ ርዝመትና ስለ መጋጠሚያ

አገራችን ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ጨዋታ፣ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን ያካተተ የብስክሌት ቡድን አሰልፋለች። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሁለቱን መንገዶች አነጻጽረን ይህን አገኘን፦ በፈረንሳይ መንገድ የሚዘጋው ለብስክሌተኛው ነው፤ በላፍቶ የሚዘጋው በብስክሌተኛው ላይ ነው።

ከተማዋም ዝም አላለችም። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መኪና የሌለበት እሑድ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጣ። በጀሞና በለቡ መካከል የብስክሌት መንገድ ተሠራ፤ የኮሪደር ልማቱም ከእግረኛው መንገድ ጎን ለብስክሌት ቀለም የተቀባ መስመር ይዞ መጣ። ቀለሙ ያማረ ነው፤ ከማማሩም የተነሣ ሌሎች ይወዱታል፦ ታክሲ ያራግፍበታል፣ የቤት መኪና ያርፍበታል፣ ሊስትሮው ሣጥኑን ይዘረጋበታል፣ ጎልማሶች ጎን ለጎን ሆነው ወክ ያደርጉበታል።

ይህንን ሁሉ በትሕትና እናልፈዋለን፤ ዋናው ነገር ሌላ ነውና። መስመሩ ሲመረቅ በኪሎ ሜትር ይነገራል። ብስክሌተኛ ግን ኪሎ ሜትር አይነዳም፤ ከደጁ እስከ ሥራው ይነዳል። የውሃ ቧንቧ ከመካከሉ አንድ ክንድ ቢጎድለው «ሊደርስ ምንም አልቀረውም» የሚባል ውሃ ለቤቱ አይሰጥም። እንዲሁ ያማረው መስመር አደባባይ ሲደርስ በከርብ ድንጋይ ፊት ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ከሁለት መቶ ሜትር በኋላም በሌላ ከርብ ከጀመረ፣ ሰው ብስክሌት ለመግዛት ወይም ላለመግዛት የሚወስነው በእነዚያ በጎደሉት ሁለት መቶ ሜትሮች ነው። እናት ልጇን በብስክሌት ትምህርት ቤት የማትልከው በሚያስፈራው ቦታ ምክንያት ነው፤ ያማረው ቦታ ያን ፍርሃት አይሽርላትም።

ክፍል ሰባት፦ የተቃዋሚዎች ሐሳብና ምላሹ

«ታገሡ፤ ግንባታው ጊዜያዊ ነው» የሚሉ አሉ። ግንባታው ጊዜያዊ መሆኑን እንቀበላለን፤ ጊዜያዊነቱ ግን ዘላቂ ሆኗል። ይህኛው መንገድ ሲያልቅ ያኛው ይጀመራል፤ ከተማ ሲያድግ ሁልጊዜ አንድ ወገኑ ተቆፍሮ ነው። ስለዚህ ተለዋጭ መንገድ የመንገድ አለመኖር ተደርጎ መታየቱ ቀርቶ ራሱን የቻለ መንገድ ሆኖ ይቀየስ።

«ታክሲ ያዝ» የሚሉም አሉ። እነዚህን ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ጀሞ ሰልፍ ላይ እንጋብዛቸዋለን።

ክፍል ስምንት፦ ፍርድና ምክረ ሐሳብ

ከዚህ ሁሉ ምርምር በኋላ የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው፦ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የብስክሌተኛው ችግር ቁፋሮው አይደለም፤ በቁፋሮው ዘመን ማለፊያ ያልተመደበለት እርሱ ብቻ መሆኑ ነው። መፍትሔውም እንደ ድርሳናችን ውስብስብ አይደለም። ታፔላው ብስክሌትን በስሙ ይጥራ፤ ቀስትና ርቀት ይኑረው። ማንሆል ክዳን ሳይገጠምለት አይደር። አዲሱ መስመር አደባባይ ሲደርስ ከርቡ ዝቅ ተደርጎ ከሚቀጥለው ጋር ይጋጠም፤ ምረቃውም ከመጋጠሚያው በኋላ ይሁን። መንገድ በሚታጠርበት ቀን ደግሞ ከአጥሩ ሥር፣ ተዳምጦ የተደላደለ ማለፊያ ይተው።

ስፋቱን የሚጠይቀን መሐንዲስ ቢኖር መልሳችን የተዘጋጀ ነው። የብስክሌት መሪ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የምንለምነው አንድ ሜትር ነው፤ የሚተርፈው 40 ሳንቲ ሜትር ለሊቃውንት ክብር ይታሰብልን።