ለመሞትም ጠበቃ!

ድሮ ሰው ሲሞት ይሞት ነበር። ታሞ ይተኛል፣ የነፍስ አባቱ ይጠራሉ፣ ልጆቹ ከራስጌም ከግርጌም ይሰበሰባሉ፣ «ጓሮውን ለአንተ፣ ላሚቱን ለእሷ፣ ጠመንጃውን ለታላቅየው» ብሎ ይናዘዝና ዐይኑን ይከድናል። አለቀ! ዛሬ ግን፣ እኩዮቼ፣ ለመሞት ፋይል ማስከፈት ያስፈልጋል። የታደሰ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የካርታው ኮፒ፣ የጋብቻ ማስረጃ። የእኛ ጋብቻ የሰማንያ ነው፤ ሰማንያው ላይ የፈረሙት ሽማግሌዎች ሁሉ አፈር ለብሰዋል። ከየት ጠርቼ ላስመስክር?

የሰፈራችን ልጅ የሆነች አንዲት ጠበቃ አለች። ትናንት አፍንጫዋን የጠረግንላት ልጅ ዛሬ መነጽር አድርጋ ሕግ ታስተምረኛለች። «ልጄ፣ እኔ በቃሌ ነው የምናዘዘው፣ የአባቶቼም ልማድ ይኸው ነው» ብላት፣ «አባባ፣ በቃል ቤት ማውረስ አይችሉም» አለችኝ። በቃል ኑዛዜ፣ በሁለት ምስክር ፊት፣ መናገር የምችለው ስለ ቀብሬ ሥርዐት፣ ስለ ትንንሽ ልጆቼ ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከአምስት መቶ ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው አለች። ትንሹ ልጄ ራሰ በራ ሆኗል፤ ሞግዚት ምን ያደርግለታል? አምስት መቶ ብርስ? ሕጉ ሲወጣ በዚያ ገንዘብ ሁለት ጥማድ በሬ ተገዝቶ የመመረቂያ ይተርፍ ነበር። ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ይባስ ብሎ ደግሞ፣ በቃሌ ተናዝዤ ሦስት ወር ካለፈና በሕይወት ካለሁ ኑዛዜው ይፈርሳል። እንግዲህ ቃሌ እንዲከበር ቶሎ ብዬ ልሙት?

ይህን ሁሉ ያመጣብን አንድ ፈረንሳዊ ነው። ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፕሮፌሰር አረቀቀውና የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታወጀልን። 3,367 አንቀጽ! አባቶቻችን በፍትሐ ነገሥት ይዳኙ ነበር፤ እሱንም የሚያነቡት ሊቃውንቱ ነበሩ፣ እኛ ሳናነብ እንፈራው ነበር፣ ይበቃንም ነበር።

ድሮ እኮ በውርስ የሚጣላ አልነበረም። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በአንዲት የቡልጋ ቁራሽ መሬት ተሟገቱ እንጂ አልተጣሉም። ከአጥቢያ ዳኛ ወረዳ፣ ከወረዳ አውራጃ፣ እያሉ እያሉ ዙፋን ችሎት ደረሱ። እኔ ዳዴ ስል የተጀመረው ሙግት ሚዜ ስመርጥም አላለቀም። ለስንቅና ለእጅ መንሻ ሁለት በቅሎና የእናቴ የአንገት ወርቅ ሄደ። ግን እንዴት ያለ ሙግት! ጋቢውን አደግድጎ፣ ነገሩን በምሳሌ እያዋዛ፣ ዳኛው ራሳቸው እስኪስቁ! ሲመሽ ወንድማማቾቹ አንድ ጠጅ ቤት ገብተው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይጠጣሉ። ዓመት በዓልን አብረው ያሳለፉት በቀጠሮ ምክንያት ነው። የዛሬ ልጆች በጥቂት ወር ተካፍለው፣ ተፈራርመው፣ ተሳስመው ይለያያሉ። ሙግት እንኳ የማያገናኘው ቤተሰብ ምን ቤተሰብ ይባላል?

እሺ፣ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። በገዛ እጄ ከጻፍኩት ምስክር እንደማያስፈልግ ነገረችኝ። ታዲያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የራሴ እጅ ጽሑፍ መሆን አለበት፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ መኖር አለበት፤ በሰባት ዓመት ውስጥም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም። እኔ የጻፍኩትን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ የቁልፉን ቦታ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጆቼ ግን ለአመል እንኳ «አባባ፣ ኑዛዜህ የት ነው?» አይሉም። ግድ የላቸውም! ባለፈው ትልቁ መጥቶ ጠየቀኝ፤ «ገና ሳልሞት ልትወርሰኝ ነው?» ብዬ ከቤት አስወጣሁት።

ከባለቤቴ ጋር ያደረግነውንስ ልንገራችሁ? ዕድሜ ልካችንን በአንድ መሶብ የበላን ሰዎች ነን፤ ወረቀት ላይም አብረን እንሁን ብለን አንድ ኑዛዜ ጽፈን ሁለታችንም ፈረምንበት። ልጅቱ ገና ስታየው፣ «ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ የሚያደርገው ኑዛዜ ፈራሽ ነው» አለች። ቄሱ አንድ ሥጋ ናችሁ ያሉንን ሬኔ ዳቪድ ለሁለት ከፈለው!

በዚያ መች ቆመ። የምንኖርበት የጉለሌው ቤት ካርታ በእኔ ስም ነው፣ እኔ ነኝ ጡቡን በትከሻዬ የተሸከምኩት። «በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ይላል። የሚናዘዙት በግማሹ ብቻ ነው» አለችኝ። ግማሹ? የገዛ ቤቴ ግማሽ እንዴት የሚስቴ ይሆናል ብዬ ደሜ ፈልቶ ሳይበርድ፣ ሌላ ጨመረችልኝ፤ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ባሏን አትወርስም አለች። መጀመሪያ ልጆች ናቸው፣ ወንድና ሴት ሳይባል እኩል፤ ልጅና የልጅ ልጅ ከሌለ ወላጆች፤ እያለ ወደ ዘመድ አዝማድ ይሄዳል እንጂ ሚስት በውርስ መስመሩ ውስጥ የለችም። ይሄማ ግፍ ነው! ዕድሜዋን ሙሉ ሽሮ የሠራችልኝ ሴት ምንም ሳታገኝ ልትቀር ነው? ጮህኩ፣ ከዘራዬን ወለሉ ላይ መታሁ። ባለቤቴ ቡናዋን እየቀዳች፣ «ግማሹ የእኔ ነው ስትባል አልሰማህም?» አለችኝ። በማግስቱ ብቻዋን ሄዳ የራሷን ኑዛዜ አደረገች። ለማን ምን እንደሰጠች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ከባል የሚደበቅ ምስጢር፣ እንዲህ ያለ ዘመን ላይ ደረስን።

የቀበናው ቤት ደግሞ አለ። አራት ክፍል፣ ከነባሕር ዛፉ፤ ለትልቁ ልጄ ያሰብኩት።

«ማን ይኖርበታል?» አለች ልጅቱ።

«ቀበሌ ያከራያቸው ሰዎች።»

ብዕሯን አስቀመጠች። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራዩ ከመቶ ብር የሚበልጠው ለኪራይ ቤቶች፣ መቶና ከዚያ በታች የሆነው ለቀበሌ ሄደ። የእኔ ቤት ኪራይ ርካሽ ስለነበር ወደ ቀበሌ ገባ። «አባባ፣ ይህ ቤት እኮ የእርስዎ አይደለም» አለችኝ። እንዴት አይደለም? ደርግ ሄደ፣ እኔ አለሁ፣ ቤቱም አለ፤ ምን ጎደለ? እኔ እንደሆንኩ ኑዛዜው ላይ አስገብቼዋለሁ። ልጆቼን ላለማበላለጥ ስልም ትልቁን የቀበናው ስለደረሰው ከጉለሌው ድርሻ ቀንሼበታለሁ። ፍርድ ማለት ይህ ነው።

ትንሹን ደግሞ ከውርስ ልነቅለው ነበር። መንቀል ይቻላል፣ ግን ምክንያቱ ኑዛዜው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት ተባልኩ። «በፋሲካ አልደወለልኝም» ብለሽ ጻፊ ስላት ሳቀች። ይኸው ልጅ ሜሪላንድ ነው ያለው፣ ዜግነቱን ቀይሮ ቢጫ ካርድ አውጥቷል። ከማኅፀን ጀምሮ የማውቀው ልጅ ወደ አባቱ ቤት የሚገባው በካርድ ነው። እዚህ ጉዳይ ካለው ውክልና በኤምባሲ አስደርጎ ይልካል፣ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጣል፣ ወኪሉ ይሯሯጣል። እሑድ እሑድ ሁሉም ስልኩ ላይ እንደ ቆጥ ዶሮ ተደርድረው «አባባ፣ አትጨነቅ፣ እኛ ምንም አንፈልግም» ይሉኛል። ምን ማለታቸው ነው? ለፍቼ የሠራሁትን ናቁት?

ከሞትኩ በኋላም እረፍት የለም። ልጆቹ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ፣ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ይጠራል፣ ከዚያ ስም ማዞር። ድሮ ያልታወቀ ልጅ ቢኖር ቀብር ላይ ከሁሉ አብልጦ እያለቀሰ ራሱን ያሳውቅ ነበር። ዛሬ ጋዜጣ እያነበበ ይጠብቃል።

ስለ ጠበቃ ዋጋማ አታንሡብኝ። አንዱ የጠየቀኝን ገንዘብ ስሰማ ለአፍታ ኑዛዜው የእሱ መስሎኝ ነበር። ይህች የሰፈራችን ልጅ በአንጻሩ አንድ ብር አልቀበልም ብላለች፤ የሕግ ትምህርት ቤቶችም አቅም ለሌለው በነፃ የሚረዱባቸው ማዕከላት አሏቸው አለችኝ። በነፃ የሚሰጥ ምክር ምን ዋጋ ይኖረዋል ብዬ ተጠራጥሬ፣ ያለችኝን ለማጣራት ያንኑ ውድ ጠበቃ ከፍዬ ጠየቅሁት። ቃል በቃል እሷ ያለችውን አለኝ። እሱ ግን ሲናገር ያምርበታል።

የእጅ ጽሑፌን ማንም እንደማያነበው ስላወቀች፣ አሁን ልጅቱ በኮምፒውተር ጽፋ በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ አዘጋጅታልኛለች። ይህ ደግሞ በእኔና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ወዲያው ሁላችንም እንፈርማለን። ጮክ ተብሎ ይነበባል! አራት የዕድርተኛ ጆሮ ማለት እኮ ሙሉ ጉለሌ ማለት ነው። የቀበናውን ነገር ሰምተው ሰልስቴ ላይ ሊስቁብኝ? ስለዚህ፣ እኩዮቼ፣ ከመካከላችሁ እጁ መፈረም የሚችል፣ ጆሮው ግን ደከም ያለ ሰው ካለ ወዲህ ይበል። ቡናና ቆሎ አለ። ሦስቱን አግኝቻለሁ፤ አራተኛው ሐኪም ቤት ሄዶ ማዳመጫ አስገጥሞ መጣብኝ።