የስንቅ ሸንጎ

ከጮቄ ተራራ በታች፣ ኑግ በሚዘራበት አገር፣ በአንድ ዋርካ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ነበር። የቀፎው ንቦች ከቅድመ አያቶቻቸው የወረሱት ሥርዓት ነበራቸው። ጧት ፀሐይ ስትወጣ ቃኚዎቹ ከጎተራው አንዳንድ ጠብታ ማር ለስንቅ ይጎነጩና ወደ ፈለጉበት ይበራሉ። አበባ ያገኘች ተመልሳ በጨለማው የማር እንጀራ ላይ ትጨፍራለች። ሆዷን እያርገበገበች ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከሮጠች «ወደ ፀሐይ ሂዱ» ማለቷ ነው፤ ወደ ጎን ካዘነበለች «ከፀሐይ በዚህ ያህል ዞር በሉ» ማለቷ ነው። ርግብግቢቱ 1 ሰከንድ ከቆየች አበባው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያዩዋትም በጭፈራው ብቻ አይረኩም። ሄደው ይቀምሱታል፤ ከጣማቸው እነሱም ይጨፍራሉ፤ ካልጣማቸው ይተዉታል፤ ጭፈራውም በዚያው ይከስማል። ባዶዋን የተመለሰችውን ማንም አይወቅሳትም ነበር።

አንድ ዓመት በጥቅምት በረዶ ኑጉን መታው። ከሄዱት ቃኚዎች ብዙዎቹ ባዷቸውን ተመለሱ፤ ጎተራውም ጎደለ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ።

«የጨረሰን ስንቁ ነው» አለች አንዷ። «ማራችንን ይዘው ይወጣሉ፤ የት እንደሚሄዱ እንኳ አይነግሩንም።»

ማሩ የሁሉም ድካም ነበርና ነገሯ ተሰማ። የስንቅ ሸንጎ ቆመ፤ ሹምም ተሾመችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛዋም ቃኚ ከመብረሯ በፊት የት እንደምትሄድ፣ ምን አበባ እንደምታገኝ፣ ስንት ጠብታ ይዛ በስንተኛው ቀን እንደምትመለስ ለሸንጎው እንድታስረዳ ተደነገገ።

መጀመሪያ ላይ ቃኚዎቹ ግራ ገባቸው። ያላዩትን አበባ ስም ከየት ያምጡት? ውለው አድረው ግን ብልሆቹ ዘዴ አገኙ። ከምሳቸው ቆጥበው፣ ተደብቀው ይወጡና አበባውን ያገኙታል፤ ከዚያ ሸንጎ ፊት ቀርበው ገና እንዳላየ ሰው ስንቅ ይለምናሉ። የተፈቀደላቸውንም ለሚቀጥለው ድብቅ ጉዞ ያስቀምጡታል። ሸንጎው «ከተናገረችው አንድ ጠብታ አልጎደለም» እያለ ይደሰት ነበር። ተደብቃ ለመውጣት አቅም የሌላት ለጋ ቃኚ ግን «አደይ አበባ» ትላለች፤ አደይን የማያውቅ የለምና።

ለማኙ በዛ። ከ10 ቃኚዎች ስንቅ የምታገኘው 1 ብቻ ሆነች፤ ስለዚህ 10ሩም ልመናቸውን ማሳመር ያዙ። አበባ በብዛት የሚቀሰመው በጧት ነው፤ ልመናውም የሚሰማው በጧት ነበር። ልመና የሚመዝን ዳኛ አስፈለገ። አበባ የሚያውቁት ደግሞ ጥሩ ጥሩዎቹ ቃኚዎች ናቸውና እነሱ ከበረራ ተነሥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከ100 ነጥብ 91 ያገኘች ትሄዳለች፤ 90 ያገኘች ትቀራለች።

አንድ ቀን አንድ ልመና በስሕተት ለሁለት ችሎት ደረሰ። አንደኛው ችሎት 94 ሰጠው፤ ሁለተኛው 61። ሸንጎው ደነገጠና ሦስተኛ ችሎት አቆመ፤ ለዚያም ሌሎች 5 ቃኚዎች ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ መልስ የሚሰጠው በ2 ሳምንት ሆነ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሠራተኛ ንብ ዕድሜ በአበባ ወራት 6 ሳምንት ያህል ነው። 3ቱ በቤት ውስጥ ሥራ ያልቃል፤ ለበረራ የሚቀራት 3 ሳምንት ነው።

ሸንጎውን ያቆሙት ንቦች ሞቱ። ልጆቻቸውም ሞቱ። ሕጉ በሰም ተጽፎ ነበርና ቀረ።

የኋለኞቹ ሹሞች አንዷን ቃኚ ከሌላዋ የሚለዩበት ቸገራቸው። «ብዙ የጨፈረች ትጉህ ናት» ተባለና ጭፈራ ይቆጠር ጀመር። ድሮ ለአንድ ዛፍ አንድ ጭፈራ ይበቃ ነበር፤ አሁን ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለብቻው ተጨፈረ። አንዲት ቃኚ ከአንድ የግራዋ ቁጥቋጦ 17 ጭፈራ አወጣች፤ ወዲያው ዳኛ ሆነች። ሌላ የጨፈረችውን ሄዶ ማየት ግን እንደ ጭፈራ አይቆጠርም ነበርና ሄዶ የሚያይ ጠፋ። ጭፈራ ከጭፈራ ተቀዳ።

ከወንዙ ማዶ ግራር አብቧል ተብሎ ተጨፈረ። 300 ንቦች ለመቅሰም ሄዱ። ግራሩ ተቆርጦ ከሰል ሆኖ ነበር። ተመለሱና ዝም አሉ፤ «ምንም የለም» የሚባል ጭፈራ አልነበረም፤ ቢኖርም አይቆጠርም። ለግራሩ መጨፈሩ ግን አልቆመም። በማግሥቱ ሌሎች 300 ሄዱ።

ሚያዝያ ገባ። አደይ የሚያብበው በመስከረምና በጥቅምት ነው። በሸንጎው መዝገብ ላይ «የታመነ አበባ» ተብሎ የተጻፈው ግን አደይ ብቻ ነበርና በሚያዝያም ስንቅ የተሰጠው ለአደይ ነው። ወደ አደይ የተላኩት ደረቁን ሜዳ ዞረው ይመለሱና ጥንት የተጨፈረውን አሳምረው ይጨፍራሉ። ዳኞቹም «መሠረቱ የጠና ነው» ይሉ ነበር።

በዚያ ወር ወለላ የምትባል ለጋ ቃኚ ሸንጎ ፊት ቀረበች።

«ከሸንተረሩ ማዶ ልሂድ» አለች።

«ከሸንተረሩ ማዶ ምን አለ?» አለቻት ሹሟ።

«አላውቅም፣ እመቤቴ። አይቼ ልምጣ ብዬ ነው።»

«አንቺ የማታውቂውን አበባ እኛ በምን አውቀን እንሰንቅልሽ?»

38 ነጥብ ሰጧት። በድጋሚ ስትጠይቅ ቃኚነቷ ተነሥቶ፣ እንደ ሕፃን ንብ፣ የእንጀራ ዓይን ጠራጊ ሆነች።

ከምትጠርግበት አጠገብ እማማ ሰፈፍ የሚባሉ፣ 5 ሳምንት የሞላቸው አሮጊት ነበሩ። ክንፋቸው ዳር ዳሩ ተበልቶ መብረር ትተዋል። የወለላን ነገር ሰምተው ሸንጎ ፊት ቆሙ።

«ልጆቼ፣ አበባ የት እንዳለ ስንጠይቅ ኖረናል» አሉ። «ስንቅ እንዴት ቢሰጥ እንደሚሻል ግን አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም። የ24 ቃኚ ስንቅ ስጡኝ። 12ቱን እናንተ እንደለመዳችሁት መርጣችሁ ላኩ፤ 12ቱን ከለመኑት መካከል በዕጣ እናውጣ። ከዚያ ያመጡትን ጠብታ በጠብታ እንቁጠር። ባዶዋን የተመለሰችም ባዶ መሆኑን ትጨፍር።»

ሸንጎው አመሰገናቸው። ሹሟም «ይህ ሙከራ ስንት ጠብታ ያመጣል?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«አላውቅም፣ ልጄ። ለማወቅ ነው።»

ጥያቄው ስንቅ የሚጠይቅ ስለሆነ እንደማንኛውም ልመና በሥርዓቱ እንዲታይ ተወሰነ። በ9ኛው ቀን እማማ ሰፈፍ ሞቱ። በ14ኛው ቀን ፈቃዱ ደረሰ፤ 92 ነጥብ አግኝተው ነበር። ወለላ ልትቀበል ስትቀርብ «የተፈቀደው ለእሳቸው ነው፤ ራሳቸው ይምጡ» ተባለች።

ያን ቀን ጠራጊዎቹና ሞግዚቶቹ ተሰበሰቡ። ንብ ለእህቷ ከአፏ አውጥታ ማጉረስ ታውቃለች። ዕጣ አወጡና ለወጣላቸው 12 ቃኚዎች ከየአፋቸው አዋጡላቸው። በሸንጎው በኩል ለአደይ የሚሄዱ 12 በዚያው ጧት ይወጡ ነበርና ወለላ እነሱን በአንድ በኩል፣ ዕጣ የወጣላቸውን በሌላ በኩል አድርጋ በሰም ላይ መዘገበች። የራሷ ዕጣ አልወጣም።

የሸንጎው 12 በተባለው ቀን ተመለሱ፤ በተባለው ቁጥርም ጨፈሩ። ያመጡት ማር አልነበረም።

ከዕጣዎቹ 9ኙ ባዷቸውን ተመለሱ። ክንፋቸውን አጥፈው፣ የሄዱበትን አቅጣጫ ይዘው ቆሙ፤ «በዚህ አትድከሙ» ማለታቸው ነበር። ከወንዙ ማዶ የነበረው ግራር መቆረጡም በዚሁ ታወቀ፤ የሚሄድ አልተገኘም። 2ቱ ጥቂት ጠብታ ይዘው መጡ። የቀረችው አንዷ በሸንጎ ፊት ወድቃ የምታውቅ፣ ንግግር የማይሆንላት ቃኚ ነበረች። እሷ 4 ሰከንድ እያርገበገበች ጨፈረች። ያዩዋት አላመኗትም፤ ሄደው ቀመሱ። ከሸንተረሩ ማዶ ገደሉ ሁሉ ብሳና ነበር፤ ከላይ እስከ ታች አብቧል። ሲመለሱ እነሱም ጨፈሩ። በሦስተኛው ቀን አንድ እንጀራ ሞላ።

ሹሟ ወሬውን ሰምታ ወደ ወለላ መጣች፤ ሰሙን አነበበች።

«ዘጠኝ ስንቅ ባክኗል» አለች።

«ባክኖ አይደለም፣ እመቤቴ። ዘጠኝ ቦታ ባዶ መሆኑን አውቀንበታል» አለች ወለላ። «ደግሞ 12 ጥቂት ነው፤ ዕጣው አጋጣሚ ይሁን አይሁን በዚህ አይለይም። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እንሞክረው፤ ቁጥሩንም ከፍ እናድርገው።»

ሹሟ የሞላውን እንጀራ ቀመሰች። ሹም ከሆነች ጀምሮ በርራ አታውቅም።

«ይህን በዓይኔ ሳላይ ለሸንጎ አላቀርብም» አለችና ስንቋን ልትጎነጭ ወደ ጎተራው ሄደች። የጎተራው ጠባቂ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ወዴት ነዎት፣ እመቤቴ?»

«ከሸንተረሩ ማዶ።»

«ስንት ጠብታ ይዘው ይመለሳሉ?»

«አላውቅም። አይቼ ልምጣ ብዬ ነው።»

ጠባቂዋ ሕጉን በቃሏ ታውቀው ነበር። «እንግዲያውስ ልመናዎን ለሸንጎው ያቅርቡ» አለቻት። «መልሱ በ2 ሳምንት ይደርስዎታል።»

ሹሟ በዚያን ቀን 5 ሳምንት ሞልቷት ነበር።