ለምን አትበል፣ ሲ በል

ለኢንትራንስ የሚዘጋጅ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ከወዲሁ ተጠንቀቁ። ልጁ ማታ የ11ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ገልጦ «ግን ፋንክሽን ምንድን ነው?» እያለ ሲያሰላስል ካገኛችሁት ነገር ተበላሽቷል። ሳይውል ሳያድር ቱቶሪያል አስገቡት፤ በሁለት ቅዳሜ ያስተዉታል።

እዚያ ማሰብ የለም፣ ሾርትከት ነው ያለው። ከላይ ሁለት ኤክስ ሲደመር አንድ፣ ከታች ኤክስ ሲቀነስ ሦስት ያለበት ክፍልፋይ መጣ እንበል። ሬንጁ? ኤክሶቹ ፊት ያሉትን ቁጥሮች አካፍል፦ ከ2 በቀር ሁሉም ቁጥር። ኢንቨርሱ? 2ንና ኔጌቲቭ 3ን ቦታ አቀያይር፣ ምልክታቸውን ገልብጥ፦ ከላይ ሦስት ኤክስ ሲደመር አንድ፣ ከታች ኤክስ ሲቀነስ ሁለት። አለቀ። መልሱም ትክክል ነው፤ የሰው ሥራ አናጣጥልም።

አንዳንድ ግትር ልጅ ግን ዋይን በእኩልነት አስቀምጦ ኤክስን ለብቻዋ ለማውጣት ይታገላል። ታግሎም ዋይ 2 ከሆነ ከታች ዜሮ እንደሚመጣ፣ 2 ከሬንጁ የወጣውም ለዚሁ እንደሆነ ያያል። ቀና ሲል ኢንቨርሱም እዚያው መስመር ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። ለካ ሁለቱ ሾርትከት አንድ ነገር ኖሯል! ልጁ በደስታ ይፈነድቃል። ደስታ ግን ነጥብ አያሰጥም፤ ጓደኞቹ እስከዚያ አራት ጥያቄ አጥቁረው አልፈዋል።

ቨርቲካል ላይን ቴስትማ ተክነንበታል። ግራፉ ላይ እስክሪብቶ ታቆማለህ፤ ሁለት ቦታ ከነካ ፋንክሽን አይደለም። እስክሪብቶ በማቆም ልጆቻችንን የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም። ለአንድ ግብዓት ከአንድ በላይ ውጤት መስጠት ክልክል መሆኑን የሚያውቀው እስክሪብቶው ነው፤ ልጁን ምን አገባው?

ደግሞስ ተማሪውን ራሱን ፋንክሽን ካደረግነው ስለ ፋንክሽን ማወቁ ምን ይረባዋል? ዶሜይኑ በዓለም ላይ ያለ ጥያቄ ሁሉ፣ ሬንጁ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ሰዓት ሲያልቅ ደግሞ «ሲ ይበዛል» በሚለው የአባቶች ቃል ወደ ኮንስታንት ፋንክሽን ይለወጣል፤ ምንም ብታስገባበት ሲ ነው የሚወጣው። ኢንቨርስ እንዳትፈልግለት፤ ከሲ ተነስቶ ወደ ጥያቄው የሚመልስ መንገድ የለም።

የጥበቡ ጫፍ የታየው በ2008 ዓ.ም. ነበር፤ ፈተናው ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ተሰረዘ። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ እጅ ከገባ ከዚህ በላይ ምን ሾርትከት አለ? ቅናት አያስቀምጥምና የ2014 ተፈታኞችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብተው ፈተኗቸው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ሆኑ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ክፉ ሰዎች ይህን ይዘው ሸምዳጅነታችንን ሊያሙ ሞከሩ። እኔ እንኳ የሚመስለኝ የቀሩት 96 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት «ለምን» ብለው ሲጠይቁ ሰዓት አልቆባቸው ነው።

ቱቶሪያል ውስጥም አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። «ቲቸር፣ ምልክቱን ለምንድን ነው የምንገለብጠው?»

«ኢንትራንስ ላይ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ቀጣይ!»

እውነቱን ነው፤ አይጠየቅም። አልፎ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ግን በአንደኛው ዓመት የሒሳብ ኮርስ ያንኑ ፋንክሽን ተመልሶ ያገኘዋል፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «አረጋግጥ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ያለ ምርጫ። አይደንግጥ፤ ለፍሬሽማንም የቴሌግራም ቻናል አለ።