ሰባት ቤት የሚቆጥር ኮምፒውተር

ደህና የሚሠራ ላፕቶፕ ምን ያስነካዋል? የእህቴ ልጅ ግን ለክረምት ዕረፍት ከተማችን ማክሰኝት እንደገባ የሊኑክሱን ከርነል ካልቀየርሁ አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውን ይህን የሥርዓቱን እምብርት ማንም ሰው ምንጩን አውርዶ እንዳሻው ሊሠራው ይችላል።

«የማያስፈልገኝን አውጥቼ በልኬ ኮምፓይል አደርገዋለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። ከከርነሉ ቁጥር ቀጥሎም «ማክሰኝት» የሚል ቅጥያ ጨመረበት። አገር ወዳድነቱ ደስ አለኝ።

ላፕቶፑ ፋኑ እየጮኸ ሲግል ዋለ። ከማክሰኞ ገበያ የተመለሱ ጎረቤቶች «ምን ጥዳችሁ ነው?» እያሉ አለፉ። እናቴ ሙቀቱ ለምን ይባክናል ብላ የዳቦ ሊጧን አጠገቡ አኖረች። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ተጋግሮ፣ ተበልቶ፣ ከርነሉ ገና ነበር።

በመጨረሻ አዲሱ ከርነል ተነሣ፤ ዋይፋዩ ግን የለም። ዋይፋዩን የሚያሠራው ድራይቨር ሞጁል የሚባል ለብቻው የተቀመጠ ፋይል ነው፤ ለየትኛው ከርነል እንደተሠራ ከነቁጥሩ ከነቅጥያው ሆዱ ውስጥ ይጻፍበታል። ከርነሉም ይህን ሳያመሳክር አያስገባውም። እኛ ጋ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ፈረሰ። ከርነል የተገላቢጦሽ ነው፤ ዘመድ ካልሆነ ደጅ አያስረግጥም። ያ ምስኪን ድራይቨር ቁጥሩ ልክ ነው፤ ጥፋቱ የማክሰኝት ልጅ አለመሆኑ ብቻ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ምንጩን አውርዶ ለአዲሱ ከርነል እንደገና መሥራት።»

«በምን ይወርዳል?»

«በዋይፋይ።»

ተያየን።

«በአሮጌው ከርነል አስነሥተህ አውርደዋ!»

«ቦታ ያዘብኝ ብዬ አጥፍቼዋለሁ።»

ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ እንሰካ ብለው፣ ለካ የዚያም ሞጁል «ከማያስፈልገኝ» ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። በስልኬ አውርደን በሚሞሪ ካርድ አሻገርነው። ድራይቨሩ ተሠርቶ ገባ፤ ገና ከመግባቱ ደግሞ ፈርምዌር አምጡ አለ። ቺፑ ሥራ ሲጀምር የሚጫንለት የአምራቹ ፋይል መሆኑ ነው። እሱንም አወረድን።

ወደ ማታ ዋይፋዩ ነፍስ ዘራ። እናቴ እልል አለች። ልጁ በአካባቢው ያለውን ኔትወርክ ቢያስስ አንድ ብቻ አገኘ፤ የእኔኑ ስልክ ሆትስፖት። የይለፍ ቃሉን ነገርሁት፣ ተገናኘ። ወዲያው ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ የዳታ ፓኬጄ ማለቁን የሚያረዳ።