ቀስ በሉ ይሉኛል

ጾም ሲገባ የሚያዝንልኝ ሰው ሞልቷል። ሲፈታ የሚያዝንልኝ ግን አንድም የለም። የዓቢይ ጾምን 55 ቀን በሽሮ፣ በጎመንና በተልባ ስሮጥ ከርሜ ቅልል ብዬ ነበር። የቱታዬን ክር ጠበቅ አድርጌ ካላሰርኩት ወገቤ ላይ አይቆምም። ከሠፈራችን ተነስቼ መስቀል አደባባይ እስክደርስ ትንፋሽ የሚባል ነገር መኖሩም ትዝ አይለኝ። ከዚያ ፋሲካ መጣ።

ፋሲካ የአንድ ቀን በዓል ነው የሚል ካለ እዚህ አገር አላደገም። ከቅዳሴ መልስ ሌሊቱን በዶሮ ተፈታ። ሲነጋ የቅርጫው መደብ ደረሰ። ሰኞ እህቴ ዘንድ፣ ማክሰኞ አማቶቼ ዘንድ፣ ረቡዕ ደግሞ ሰኞ ያልመጣሁባቸው ተቀይመው። ሳምንቱ ሲሞላ ዳግማይ ትንሣኤ። ጾሙን ታግዶ የከረመው ሰርግ ሁሉ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ተግተልትሎ ይመጣል፤ ካርድ ያልደረሰው ሰው ብቻ ነው ከቤቱ የሚውለው። በዚህ ላይ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሥርዓት ነው! ሥርዓት ያከበረ ሰው በምን ሕግ ነው ቦርጫም የሚባለው?

ባለቤቴን ደግሞ ታውቋት የለም። የዶሮውን ድስት ስትከፍት ቅቤው ዳር ዳሩን ጠልሎ፣ ቁሌቱ መሀል ላይ እየተንተከተከ፣ እንቁላሉ በርበሬውን ጠጥቶ ቀልቶ ይታያል። አንዱን አወጣችልኝ። በላሁ። ሁለተኛውን ስታወጣ «ኧረ ይበቃኛል» አልኳት። «ሯጭ ፕሮቲን ያስፈልገዋል ትል የለ?» ብላ እንጀራው ላይ ጣል አደረገችው። የገዛ ንግግሬን አምጥታ በእንቁላል ከዘጋችኝ በኋላ ምን እመልሳለሁ?

በዓሉን ያላከበረ ልጄ ከቨርጂኒያ የላከችልኝ ሰዓት ብቻ ነው። ቁርጡ ቀርቦ፣ አዋዜው ተነክሮ፣ ልጎርስ ስል እጄ ላይ ይነዝራል፤ ተነስና ተንቀሳቀስ ማለቱ ነው። በትንሣኤ ሰሞን የሰው ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ ተነሱ የሚል እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ በግንቦት አንድ ማለዳ ቱታዬን ላጠልቅ ብል ጠባለች። ሙቅ ውኃ ያጠበባት ሰው አለ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እንደምንም ታግዬ ወጣሁ። የሚያሠራኝ የጎረቤታችን ልጅ አደባባዩ ላይ ይጠብቀኛል። ስፖርት ሳይንስ የተማረ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ከጾሙ በፊት «ጋሼ» ነበር የሚለኝ። ያን ዕለት ከላይ እስከ ታች አየኝና «አባባ፣ ዛሬ ቀስ ብንል ይሻላል» አለ። አባባ! በአንድ ፋሲካ!

ቀጥሎ ትምህርቱን ጀመረልኝ። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ የአሜሪካኖች ጥናት አለ፤ በደንብ የሠለጠኑ ስፖርተኞች ልምምድ አቁመው ሲለኩ፣ ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው በ21 ቀን 7 በመቶ፣ በ56 ቀን ደግሞ 16 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ሃምሳ ስድስት! ስንፍና ዓቢይ ጾምን በአንድ ቀን ሲበልጠው ተመልከቱ። መጀመሪያ የሚቀንሰው የደሙ ፈሳሽ ነው አሉ፣ ያውም በቀናት ውስጥ። ደም ሲያንስ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ስለሚቀንስ ጉድለቱን በብዛት ለመሙላት ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ገና ጫማዬን ሳስር ደረቴ የደለቀው ለዚህ ነው ማለት ነው። ከመስከረም ጀምሬ በብርድና በውሻ መካከል ያጠራቀምኩት ጉልበት ሦስት ሳምንት የማይጠብቀኝ ከሆነ፣ ይህን ውል ለእኔ ማን ነው የፈረመልኝ?

«አይዞዎት አባባ፣ ቀነኒሳ እኮ በ41 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ለንደን ማራቶን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጥቷል» አለኝ ሊያጽናናኝ። 41 ዓመት ለእኔ ጉርምስና ነው። የጎረምሳ ወሬ ሽማግሌን ምን ያጽናናል?

አጠገባችን ወገቡን የሚያሽከረክር አንድ ሰውዬ ደግሞ ሳይጠሩት ገባ። አበበ ቢቂላን አነሳብኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 6 ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ፣ ሲያበቃ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። እውነት ነው፤ ማን ካደ? ነገር ግን ወንድሜ፣ አበበ የተመለሰው ከሐኪም ቤት ነው። ሐኪም ቤት «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» የሚል የለም። አበበን ከአክስቴ ቤት አስነስታችሁ ቶኪዮ ውሰዱትና እናያለን።

እኔ ደረጃውን ልወጣ ብዬ ነበር። የሚያሠራኝ ልጅ ከልካይ ሆነ። ደረጃ የለም፣ ዳገት የለም፣ እንጦጦም ለጊዜው ይቅር። ሜዳው ላይ ብቻ፣ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ። ምክንያቱን ሲነግረኝ፣ ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል፣ ጅማት ግን ቆይቶ ነው አለ። ሰው የሚጎዳው ትንፋሹ ሲመለስለት ሁሉም የተመለሰ ይመስለውና ሲፈጥን ነው። ለካስ አንድ ገላ ውስጥ እየኖሩ እርስ በርስ አይነጋገሩም! ሜዳውም ቢሆን የድሮው አይደለም፤ አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ከተመረቀ ወዲህ አምሯል፣ ከተማው ኮርቷል፣ የእኔ ጉልበት ግን አቧራው ይሻለው ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አባባ» አለኝ ሲሸኘኝ። እንቁላሉን ምን እንዳደረግኩት አልነገርኩትም።

የፍጥነቱ ልክ ደግሞ የማወራበት ፍጥነት ነው አለኝ። እየሮጥኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልቆርጥ መናገር ከቻልኩ ልክ ነኝ፤ ካልቻልኩ በዝቶብኛል። ከማን ጋር እንደማወራ ግን አልነገረኝም። ጀመርኩ። ከጎኔ ሁለት ልጆች፣ ቱታ ለብሰው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በእግራቸው ይሄዳሉ። እኔ እሮጣለሁ። እነሱ ይሄዳሉ። አልቀድማቸውም። ላልፍ ብሞክር የማወራበት ፍጥነት አይደለም፤ ወደ ኋላ ልቅር ብል ክብር አለኝ። እናም ጎን ለጎን ሆነን የሙሉ ዙር ወሬ ሰማሁ።

የአንደኛዋ ወንድም ሽማግሌ ልኮ ነበር። የልጅቷ አባት በመጀመሪያው ቀን ወጉ ነው ብለው መልሰዋቸዋል። በሁለተኛው ቀጠሮ ቡና ፈልቶ፣ ነገሩ ሊያልቅ ሲል፣ አባትየው ከሽማግሌዎቹ አንዱን ትኩር ብለው አዩና «አንተ የእቁቡን ዕጣ በልተህ የጠፋኸው ሰውዬ አይደለህም?» አሉ። ሽማግሌው ሲኒውን አስቀመጡ። «ከዚያስ?» አለች ሁለተኛዋ። «ከዚያማ…» ስትል ሰዓቱ ነዘረና የእርምጃዬ ደቂቃ ሆነ። እኔ ስራመድ እነሱ ርቀው ሄዱ።

ልጄ ማታ ከቨርጂኒያ ደውላ «አባዬ፣ ልምምድህን በመጀመርህ ደስ ብሎኛል፣ ለጤናህ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ነገም በዚያው ሰዓት እወጣለሁ፤ ቱታዬንም በመቀስ አስፍቻታለሁ። የጤናውን ነገር ጤና ያውቃል፤ እኔ ያ ሰውዬ ዕዳውን ከፍሎ ልጅቷ ትዳር፣ ወይስ ሌላ ሽማግሌ ይፈለግ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።