የጨርጨር ሁለት ድንጋዮች

ተረት ተረት። ድሮ ድሮ፣ የሂርና አህዮች ሁሉ አንድ ምኞት ነበራቸው፤ ጨርጨር ተራራ አናት ላይ ካለው መስክ ገብቶ በቅሎ ሆኖ መመለስ። አህያ እንዴት በቅሎ ይሆናል የሚል ሰው ተረት መስማት ይተው። መስኩ ላይ ጥቂት ዓመት የከረመ ኮርቻ ተጭኖ፣ ግላስ ለብሶ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ማሽላ የሚጭንበት የለም። እናቶችም ውርንጭላቸውን ሲመርቁ «ለኮርቻ ያብቃህ» ይላሉ።

መስኩ ግን ጠባብ ነው። በሩ ላይ ጺማሙ አያ ዝንጀሮ መዝገብ ይዞ ይቀመጣል። በዓመት አንድ ቀን አህዮቹ ከገበያው ሥር ተነሥተው ዳገቱን ይያያዙታል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነጩን ድንጋይ ያለፈ ይገባል፣ ያላለፈ ይመለሳል። ብዙ ዘመን የሚያልፉት ወንዶቹ ነበሩ፤ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ። ዝንጀሮዎቹ ተሰብስበው ነገሩን መረመሩና «የሴት አህያ ጉልበት ከተፈጥሮው ደካማ ነው» ብለው በመዝገብ አሰፈሩ። ሂርና የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያላት ከተማ ናት፤ ጉልበት ማስመርመር ለፈለገ ሩቅ አልነበረም።

በኋላ አዲስ ሕግ ወጣ። ከነጩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ጥቁር ድንጋይ ተተከለና ሴቶቹ ያንን ካለፉ ይበቃል ተባለ። ይህን የአህያ ወሬ ነው ብላችሁ አትናቁት። በሰው አገርም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35፣ ሴቶች በታሪክ የወረሱት የበታችነት እንዲታረም ልዩ ድጋፍ ይገባቸዋል ይላል፤ የሴቶች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ከወንዶቹ ጥቂት ዝቅ ሲል የኖረውም በዚሁ መንፈስ ነው።

በአንድ ግቢ የሚኖሩ ወንድምና እህት ነበሩ፤ ዳለቻና ቡሊት። ዳለቻ ጠዋት አገዳውን ቆርጥሞ ዳገት ይለማመዳል። ቡሊት ሳይነጋ ወንዝ ትወርዳለች፤ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ግራና ቀኝ፣ የቃጫው ገመድ ጀርባዋ ላይ። ገመዱ ያረፈበት ቦታ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ተልጧል፤ በጋ ሲሆን ዝንብ ይሰፍርበታል፣ እናቷ አመድ ትነሰንስበታለች። ከወንዝ ስትመለስ እንጨት አለ። ከእንጨት ስትመለስ ወፍጮ አለ። ዳገት የምትለማመደው ሲመሽ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ አያ ጅቦ አለ።

የፈተናው ዕለትም ውኃው አልቀረላትም። ጀሪካኑን አራግፋ ከገበያው ሥር ስትነሣ ዳለቻ ዳገቱን ተያይዞታል።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ዳለቻ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ቆሞ ተገኘ። ጥቁሩን አልፏል፤ ለነጩ ሦስት እርምጃ ጎደለው። ከጎኑ የቆመችው የጎረቤት አህያ «ግቢ» ተባለች፣ እሱ «ተመለስ»።

«ኧረ አቦ!» አለ። «እኩል ቆመን?»

እዚህ ላይ በዳለቻ የሚስቁ አሉ። እኔ አልስቅም። ሦስት እርምጃ የጎደለው አህያ ዓመት ሙሉ የለፋ ነው፤ ቂሙም የእውነት ቂም ነው። የሚገርመኝ ቂሙን የጣለበት ቦታ ነው። በሩን ማን እንዲህ አጠበበው አላለም፤ ጎረቤቱን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ብሏት አያውቅም።

ቡሊትስ? ነጩን ድንጋይ አልፋ፣ ስንቱን ወንድ ቀድማ ገብታለች። ሣር መጋጥ በጀመረች በሳምንቱ ግን አንድ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ «አንቺ በጥቁሩ ነው አይደል?» አላት።

«በነጩ ነው።»

«እሱማ ሁላችሁም እንደዚያ ነው የምትሉት።»

ከዚያ ወዲህ ስትቀድም «አዝነውላት ነው»፣ ስትዘገይ «አላልንም?» ሆነ። ጥቁሩን ድንጋይ ረግጣ አታውቅም፤ ስሟ ግን ከእሱ ጋር ታሰረ።

ይህን ጊዜ አያ ጅቦ የፍትሕ ጠበቃ ሆኖ ብቅ አለ። ገበያ መሐል ቆሞ «ድንጋዩ አንድ ይሁን! እኩልነት ማለት እኩል መሆን ነው!» እያለ ጮኸ። ጅብ ለአህያ መብት መቆርቆሩ አህዮቹን ቢገርማቸውም አጨበጨቡለት። ድንጋዩ አንድ ሲሆን በጨለማ ዳገቱን እየወረዱ የሚመለሱት እነማን እንደሆኑ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በሰው አገር የዚህ ጅብ ስሙ ደላላ ነው፤ 12ኛ ክፍልን ያላለፈችን ልጅ «ዓረብ አገር ልላክሽ» የሚለው።

ቀጣዩ ዓመት ጉድ ይዞ መጣ። ዝንጀሮዎቹ አቋራጭ የሚያሳይ በዝቷል ብለው መውጫውን በዘበኛ አስጠበቁት፤ ወንድ ሆነ ሴት የተራራውን እኩሌታ ያልወጣ አይገባም አሉ። አያ ጅቦ የተመኘው አንድ ድንጋይ መጣለት። ከመቶው ሦስቱ ወጡ። ይህኛውን እንኳ ከተረት አልቆጥረውም፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰባስበው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኝ መካከል 30 ሺህ አልሞሉም። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ እዚያው አካባቢ፣ ጭሮ ከተማ ነው፤ ለሂርና ልጅ በሩ ቢቀርብም ዳገቱ አልቀረበለትም።

ዳለቻም ወደቀ። የእሱ አወዳደቅ ግን የብቻው ነበር። እህቱ መስክ ከወጣች ወዲህ ጀሪካኑ የተጫነው በእሱ ጀርባ ነው፤ ወንዝ፣ እንጨት፣ ወፍጮ። አምና ለነጩ ሦስት እርምጃ የቀረው ዘንድሮ ጥቁሩ ተተክሎ የነበረበት ቦታ እንኳ አልደረሰም።

በማግስቱ አያ ዝንጀሮ ዘንድ ቀርቦ የተላጠ ጀርባውን አሳየ። «አምና አቤት ያልኩት ስለ ድንጋዩ ነበር። እሱን ይተዉልኝና ስለ ጀሪካኑ ይጻፉልኝ። በየቤቱ ውኃ የሚያመላልሰው ማን እንደሆነ ይመዝገብ፣ ወንዱም ይካፈል። በሩንም አንድ ክንድ ያስፉልን።»

አያ ዝንጀሮ መዝገቡን ገለጠ፣ ጺሙን አከከ። «የኔ ልጅ፣ ይህ ቢሮ የሚመለከተው ድንጋይ ነው። ውኃ ሌላ ክፍል ነው። በር ማስፋት ደግሞ በጀት ይጠይቃል።»

ባዶ እጁን ላለመመለስ ግን ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመለት። አራቱ አባላት ጭነት ተጭነው የማያውቁ ዝንጀሮዎች ናቸው። አምስተኛውና ጸሐፊው፣ የምሽቱን መንገድ ጠንቅቆ ያውቃል ተብሎ፣ አያ ጅቦ ሆነ። ጸሐፊው የመጀመሪያው ስብሰባ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዲሆን፣ ዳለቻም ብቻውን ቀርቦ እንዲያስረዳ አስወሰነ።

ዳለቻ «ውኃ ልቀዳ ነው» ብሎ ቀረ።